ኪሳቸው ስለተደፈነ ጉርድ ቀሚሶች

ይድረስ ለክብርት ዋና ዳይሬክተር፣
የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ምሳዎ በሰዓቱ እየቀረበልዎ፣ እርስዎም ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ሳይቸኩሉ እየተመገቡ እንደሚገኙ ሙሉ ተስፋ አለኝ። የምክትልዎም፣ የቦርዱ አባላትም፣ የመመገቢያ አዳራሽ ተቆጣጣሪዋም ጤንነት እንደዚሁ ያሳስበኛል።

እኔ ከትምህርት ቤትዎ ዋና በር ወረድ ብሎ፣ ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት የተማሪዎችዎን ዩኒፎርም ስሰፋ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአካል የተገናኘነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ «ባለሙያዋ» ብለው ስለጠሩኝ፣ አሁን ስሜን ጽፌ እንደ አዲስ ሰው ላስቸግርዎ አልፈልግም። ባለሙያዋ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የደፈርኩት እርስዎ ቀድመው ስለጻፉልኝ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ለሸሚዝ ኮሌታ ማጠንከሪያ ሊሆን በሚችል ወፍራም ወረቀት ላይ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ የመግቢያ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ማለፏን፣ ትምህርት ቤቱም ለቤተሰባችን የረጅም ጊዜ አገልግሎት ካለው አክብሮት የተነሳ ያለ ክፍያ ሊያስተምራት መወሰኑን፣ መልሳችንንም እስከ ዓርብ እንድናሳውቅ ገልጸውልኛል። ልጄ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ አራተኛውን እኔ ጮክ ብዬ እንዳነብላት ለመነችኝ፤ ከዚያ ትራሷ ሥር አስገብታ ተኛችበት። እኔም እናት ነኝና ደስ አላለኝም ብል ዋሾ እሆናለሁ። የትምህርት ቤቱን አርማ በሰው ልጆች ደረት ላይ አሥራ አራት ዓመት ስለጥፍ፣ አንድ ቀን በራሴ ልጅ ደረት ላይ እለጥፈው ይሆን ብዬ ያላሰብኩበት ዓመት የለም።

እንግዲህ የቀረበልኝ ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ልጄን ልስጥዎት ወይስ አልስጥዎት። መልሴ በአንድ ቀን በመዘግየቱ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የዘገየበትን ምክንያት ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

እንደ ማንኛውም ቤተሰብ ተሰብስበን መዘንን። ወንድሜ መጣ፤ የወንድሜም ሚስት መጣች፤ ሶፋው ላይ የተዘረጉትን ሸሚዞች ወደ አንድ ጥግ ገፋ አድርገው ተቀመጡ። በአንድ በኩል የትምህርት ቤቱ ዝና ነበር፤ ዳኞቹ፣ ሐኪሞቹ፣ በፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ በሦስት ረድፍ የተሰቀሉት ትልልቅ ሴቶች። በሌላው በኩል ያለፈው ዓመት የወላጆች ቀን ነበር። ያን ቀን የዝማሬው ቡድን ሁለተኛውን መዝሙር ሳይጨርስ፣ ከፊት መስመር የቆመች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ተዝለፍልፋ መውደቋን፣ ስትወድቅም ከቀሚሷ ኪስ ሁለት ቁራሽ ደረቅ ዳቦ ወጥቶ በመድረኩ ላይ መንከባለሉን፣ አንደኛውም የክብር እንግዳው ጫማ ሥር መድረሱን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፤ ከክብር እንግዳው ቀጥሎ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። እኔም ከኋላ ቆሜ አይቻለሁ።

ወንድሜ በሚዛኑ ላይ የሰጠው አስተያየት ለቦርድዎ ቢቀርብ የሚያስደስት ስለሆነ ላካፍልዎ። ቅሌት የሌለበት ትምህርት ቤት የለም አለ፤ ያለው የተሰማበትና ያልተሰማበት ነው፤ የተሰማበት ደግሞ ይሻላል፣ ምክንያቱም ከእንግዲህ ይጠነቀቃሉ። ሚስቱ ከዚህም አለፍ ብላ፣ የሰፈራችን የቀን ትምህርት ቤት ስሙ በክፉ ተነስቶ የማያውቀው ስሙ በደግም ተነስቶ ስለማያውቅ ነው አለች፤ ጋዜጣ የሚጽፈው ስለ ትልቅ ቤት እንጂ ስለ ጎጆ አይደለም ስትልም ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። ቀሚስ ልታስለካ የመጣች አንዲት ደንበኛዬም ሳንጠይቃት ገባችበት፤ ወሬው እንደተሰማ የልጇን ስም ከተጠባባቂዎች ዝርዝር አስወጥታ እንደነበር፣ ነገር ግን ባስወጣች ማግስት ሦስት ጎረቤቶቿ የእሷን ቦታ ሲሻሙ ስታይ ሮጣ መልሳ ማስመዝገቧን ነገረችን። ለዚህም ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ልጅ ተርቦ ወድቆበት የተመዝጋቢው ቁጥር የጨመረለት ቤት በዚህ ምድር ላይ ከእርስዎ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ወደ ጥግ የተገፉትን ሸሚዞች ማጠፍ ጀመርኩ። ወንድሜ ይህን እንደ እሺታ ቆጥሮት ሄደ። ቀና ብዬ ያላየሁት ግን ያ ዳቦ የወጣበትን ኪስ የሰፋሁት እኔ ስለነበርኩ ነው። ስለዚህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ፤ ከቅሬታዎቹ አብዛኞቹ ምስጋናዎች መሆናቸውን ሲያነቡ ይረዱታል።

1ኛ. ባለፈው ዓመት ጉዳዩን አጣርቶ ለወላጆች መግለጫ ላወጣው ኮሚቴዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። መግለጫው ልጅቷ የወደቀችው በዕለቱ በነበረው ከፍተኛ ሙቀት መሆኑን ገልጿል። በዕለቱ እኔ ካፖርት ለብሼ ነበር፤ እርስዎም በሐር መሀረብ አንገትዎን ጠቅልለው እንደነበር አስታውሳለሁ፤ መሀረቡ ያምርብዎታል። ነገር ግን ሙቀት አለ ከተባለ አለ ማለት ነው። ኮሚቴው ሦስት አባላት እንደነበሩት፣ አንደኛዋ የመመገቢያ አዳራሽ ተቆጣጣሪዋ እንደሆኑም ተረድቻለሁ። ስለ አዳራሹ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ አምናለሁና በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

2ኛ. ትምህርት ቤትዎ «የማሰላሰያ ማዕድ» ብሎ የሚጠራውን ሥርዓት የሚመለከት ነው። እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝና ስሙን ስሰማ መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር። በኋላ ልጆቹ ለልኬት ሲመጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው እኔ ሜትሬን ወገባቸው ላይ በማዞርበት ሰዓት፣ ጥቂት በጥቂት እንደሰማሁት፣ አልጋዋን አስተካክላ ያላነጠፈች ወይም በኮሪደር ያወራች ልጅ በምግብ ሰዓት ከወንበሯ ኋላ ቆማ ጓደኞቿ ሲበሉ ታያለች፤ ደወሉ ሲደወል ሳህኖቹ ይነሳሉ፤ የእሷም ሳህን ሳይነካ አብሮ ይነሳል። ልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ «ወንበር መጠበቅ» ይሉታል። አንዷ ትንሽዬ፣ ጥርሷ ገና ያልሞላ፣ በዚያ ሳምንት አራት ቀን ወንበር እንደጠበቀች ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ ከጓደኞቿ ሁሉ የበለጠች መስሏት። አንጀቴን በላችው። እኔ ግን እጅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ጨርሻለሁ ብዬ ሸኘኋት። ሌላ ሃያ ልጅ ተሰልፎ ይጠብቀኝ ነበር።

3ኛ. ኪሱ። እዚህ ላይ ትንሽ እንዲታገሱኝ እለምናለሁ፤ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ይረዝማል።

የዩኒፎርማችሁ ጉርድ ቀሚስ በንድፉ ላይ ኪስ አልነበረውም። ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ በቀሚሷ ውስጠኛ በኩል ትንሽ ኪስ እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ለምንሽ ነው ብላት ለመሀረብ አለችኝ። በሚቀጥለው ቀን ሦስት ሆነው መጡ፤ በወሩ መጨረሻ ግማሹ ትምህርት ቤት መሀረብ ያዥ ሆነ። እኔ ደግሞ ምን ገዶኝ፣ የልጃገረዶች ፋሽን ነው ብዬ ከገበር ትራፊ እየቆረጥኩ ኪስ ስደረድር ከረምኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬም ኮራሁ፤ ኪሱ ከውጭ አይታይም፣ ቀሚሱን አያሳብጥም። ለጥገና የሚመጡትን ቀሚሶች ስገለብጥ ከኪሱ ፍርፋሪ እየረገፈ ጠረጴዛዬን ሲሞላው፣ እነዚህ የሀብታም ልጆች ብስኩት ሲቆረጥሙ ይውላሉ እያልኩ በብሩሽ ጠረግሁት። አምስት ዓመት ሙሉ ጠረግሁት። ከእርስዎ በላይ የምታዘባት ሰው ብትኖር ይህቺ ብሩሽ የያዘች ሴት ናት።

ያቺ ልጅ ከወደቀች በኋላ ትምህርት ቤቱ ሁኔታውን በጥልቀት አጥንቶ የወሰደውን የማሻሻያ እርምጃ ለማስታወስ እወዳለሁ። ልጅ መውደቋን ሁሉም አየ፤ ዳቦ መውደቁንም ሁሉም አየ። ከሁለቱ የትኛው እንዳይደገም ኮሚቴው እንደወሰነ የተረዳሁት፣ የሁሉም ቀሚስ ኪስ በድርብ ስፌት እንዲደፈን በእርስዎ ፊርማ ትእዛዝ ሲደርሰኝ ነው። ማዕዱ አልተነካም፤ ወንበሩም ጠባቂ አላጣም። ኪሱ ግን ተደፈነ። ይህን የመሰለ የችግር አፈታት ከጠባቧ ሱቄ ውጭ የሚያውቅለት ሰው ባለመኖሩ ስለ እርስዎ ስም ሳዝን ኖሬአለሁ፤ ዛሬ በአደባባይ ሳሳውቅልዎ ሸክም ቀለለኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ደፈንኩት። በድርብ ስፌት፣ አለቅጥ በጠነከረ ክር፣ አንድም ሳላስቀር። ሥራው እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም።

4ኛ. የአጋማሽ ዓመት ልኬት። ዓመቱ ሲጀመር የእያንዳንዷን ልጅ ወገብ እለካለሁ፤ ከወላጆች ቀን አንድ ሳምንት በፊት ደግሞ ቀሚሶቹን ሰብስባችሁ፣ ልጆቹንም አሰልፋችሁ፣ እንደገና አስለክታችሁ እንዳስተካክል ታዙኛላችሁ። ልብስ ሰፊ ለልጅ ሲሰፋ በየመጋጠሚያው ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ልጅ ያድጋል፣ ትርፉ ይለቀቃል። ይህን ሙያ ከአክስቴ ስማር የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ ነበር። በሌሎች ደንበኞቼ ልጆች ላይ ስለቅ ነው የምውለው። በእርስዎ ልጆች ላይ ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የለቀቅሁት በጣቶቼ ይቆጠራል፤ የቀረውን ሁሉ ሳጠብ ኖርኩ። ሁለቱን ልኬት ጎን ለጎን የጻፍኩበት ደብተር አለኝ። ስልሳ ስድስት የነበረው ወገብ ስልሳ አንድ ይላል። ስልሳ ሦስት የነበረው ሃምሳ ዘጠኝ። ያቺ የወደቀችው ልጅ ስልሳ አምስት ነበረች፤ ከመውደቋ አምስት ቀን በፊት ሃምሳ ስምንት ሆና አገኘኋት። እትዬ፣ እባክሽ ብዙ አታጥብቢው፣ እናቴ ስታቅፈኝ እንድታውቅ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። እኔ ግን ሙያዬ ነውና ልክክ አድርጌ አጠበብኩላት። እናቷ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ልጇ እንዴት እንዳማረባት ለጎኗ ሰው ስታሳይ አይቻታለሁ።

ወላጆች በዓመት አንድ ቀን መጥተው ልጃቸውን ሲያዩ ቀሚሱ ወገብዋ ላይ ልክክ ብሎ ያገኙታል፤ ልጄ ደህና ናት ብለው ይመለሳሉ። ያ እንዲሆን ያደረገው የእርስዎ ኮሚቴ አይደለም፤ የእኔ መርፌ ነው። የትምህርት ቤቱ ዝና የሚባለው ነገር እንዲህ ነበር የሚሰፋው፣ ክብርት ሆይ፤ ሰፊዋም እኔ ነበርኩ።

5ኛ. በግብዣ ደብዳቤዎ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ፣ ልጄ ከገባች በኋላ እኔም የትምህርት ቤቱ ቤተሰብ አባል ስለምሆን የቤተሰብን ምስጢር በመጠበቅ ረገድ እንደምተባበር ያለዎትን እምነት ገልጸዋል፤ የልኬት ደብተሩንም «ለማኅደር» እንድመልስ ጠይቀዋል። ስለ እምነትዎ አመሰግናለሁ። የልጄን ውጤት ግን እንዲህ ካለው አንቀጽ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ባያሰፍሩት ምንኛ ደስ ባለኝ። ልጄ ያንን ፈተና ለማለፍ በብረት መተኮሻ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ስምንት ወር አጥንታለች። ያሳለፋት ጥናቷ ነው ወይስ እርስዎ ለደብተሩ ብለው ነው ያሳለፏት ብዬ ከመጠራጠር አልዳንኩም፤ ይህን ጥርጣሬ ስለጨመሩልኝ ብቻ እንኳ ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁም፣ ክብርት ዳይሬክተር፣ እስከ ሐሙስ ድረስ ልልካት ነበር። አፍሬም ቢሆን እናገረዋለሁ። የእኔ ልጅ ሥርዓት ያላት ናት፣ አልጋዋን ታነጥፋለች፣ በኮሪደር አታወራም፣ ወንበር አትጠብቅም እያልኩ ራሴን ሳባብል ሰነበትኩ። ለካ የእያንዳንዷ እናት እንደዚያው ብላ ነው የላከቻት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጄ ቀሚሱን ልለካ ብላ ነዘነዘችኝ። ከተረፈው የትምህርት ቤቱ ጨርቅ ቆርጬ ሰፋሁላት። እጄ ስለለመደ ኪሱንም ሠራሁ፤ እጄ ስለለመደ መልሼ ደፈንኩት። ለበሰችው፣ በመስታወቱ ፊት ዞረች፣ በጣም አማረባት። ከዚያ እጇን ወደ ኪሱ ልታስገባ ሞክራ አልገባ ሲላት፣ እማ፣ ይሄ ለምን ተደፈነ አለችኝ።

ነገርኳት። ወንበሩንም፣ ዳቦውንም፣ ደብተሩንም ነገርኳት። መስታወቱ ፊት እንደቆመች ሰማችኝ፤ ስጨርስ፣ የደፈንሽው አንቺ ነሽ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ልጄ በሕይወቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ እንደ እናቷ ሳይሆን ሱቁ ውስጥ እንደገባ እንደ ማንኛውም ሰው አየችኝ። ቀሚሱን አውልቃ አጠፈችው። ከትራሷ ሥር ደብዳቤዎን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው፣ በላዩ ላይም ክር መተርተሪያዬን አስቀመጠችበት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ትምህርት ቤቱ ቀርቶባት ይሁን በእኔ አፍራ አልጠየቅኋትም። ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም።

ስለዚህ መልሳችን አይሆንም ነው። ልጄ ዝናውም ቅሌቱም በሌለበት የሰፈራችን ትምህርት ቤት ትማራለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ትመጣለች፤ ተቀምጣም ትበላለች። ወንድሜ አኩርፎኛል። የወንድሜ ሚስት ዕድሏን ዘጋሽባት ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታብኛለች። ባዶ የቀረውን ቦታ ግን በእርግጠኝነት እስከ ሰኞ እንደሚሞሉት አውቃለሁ፤ ያቺ ደንበኛዬ ልጇን ይዛ በርዎ ላይ እንደምትቆም አልጠራጠርም። እባክዎ ወንበር ይስጧት።

ስላቀረቡልኝ ክብር፣ ስላከበዱልኝ ወረቀት፣ ለአሥራ አራት ዓመት ስለሰጡኝ ሥራና ስለነሱኝ እንቅልፍ ከልብ እያመሰገንኩ፣ የትምህርት ቤትዎ ስም ከነሙሉ ማዕረጉ እንዲታወስ ዘወትር እመኛለሁ።

የምግብ ፍላጎትዎ እንዳይቀንስ ከሚመኙልዎ ሰዎች አንዷ የሆንኩ፣
ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ያለችው ባለሙያዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለዛሬው የወላጆች ቀን እንዳስተካክል የላኩልኝ መቶ አርባ ሁለቱም ጉርድ ቀሚሶች ትናንት ማታ ተተኩሰው ለጥበቃ ሠራተኛዎ ተመልሰዋል፤ ለጋዜጣም የሰጠሁት ይህ ደብዳቤ ታትሞ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት ልጆቹ ለብሰዋቸዋል። መልሴ በአንድ ቀን የዘገየው በሥራው ብዛት ነው። ኪሶቹን በሙሉ ተርትሬ ከፍቻለሁ። ወገባቸውን አላጠበብኩም። ደብተሩን ለማኅደር ስለጠየቁኝም ከፋፍዬ ልኬዋለሁ፤ በእያንዳንዱ ቀሚስ ወገብ ውስጠኛ በኩል በነጭ ጥብጣብ ላይ ሁለት ቁጥር ተሰፍቷል፤ አንዱ ዓመቱ ሲጀመር ልጅቷ የነበራት ልክ፣ ሌላው የዚህ ሳምንቱ። ስለዚህ ከመድረኩ ላይ ሆነው ሲመለከቱ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው እጃቸውን ከወገባቸው ላይ ማንሳት ቢያቅታቸው እንዳይደነግጡ፤ እያነበቡ ነው። ቀሚሱ ለምን ሰፋባት ብለው ከጠየቁዎት፣ ሙቀት ነው ይበሏቸው።